መሳቢያ ውስጥ ያለ ፓርቲ

ሰው በሰው ከብት ይቀናል፤ በሰው ሚስት ይቀናል፤ ልጁ ከጂዳ ልካለት ቤቱን ቆርቆሮ ባለበሰ ጎረቤቱ ይቀናል። ይህስ የወግ ነው። እኔ ግን የምቀናው ጓደኛዬ ትክክል ሆኖ በመገኘቱ ነው። እስቲ ይህን ለማን ይናገሩታል? ለእናንተ ልናገረው እንጂ።

ሰይድና እኔ ደሴ ስንማር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ የግራ ፖለቲካ መጽሐፍ እየተሻማን ያነበብን ሰዎች ነን። መሬት ለሚሠራበት ይሁን በሚለው አንድም ቀን ተለያይተን አናውቅም። የተለያየነው በመግቢያው በር ላይ ነው። እሱ «ትልቁ ፓርቲ ውስጥ ገብተን ከውስጥ እንግፋ» አለ፤ እኔ «እሱ ይገፋሃል እንጂ አትገፋውም፤ ሌላ እናቋቁም» አልኩ። እሱ ገባና እዚሁ መካነ ሰላም የመሬት ጉዳይ የሚታይበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ ታሪክ አስተምራለሁ። ተኮራረፍን።

ባለፈው ዓመት አንድ ባለሀብት የወል ግጦሻችንን ጠየቀ። የሰፈሩ ከብት ሁሉ የሚውልበት፣ መሬት የሌለው ሁሉ ሣር አጭዶ የሚሸጥበት ሜዳ ነው። እኔ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ በየስብሰባው ተናገርኩ። ሰይድ ትንፍሽ አላለም። የባለሀብቱን ማመልከቻ ከመሳቢያው ግርጌ ከትቶ፣ በተጠየቀ ቁጥር «እየታየ ነው» ይላል። ሜዳው እስከ ዛሬ አለ። ይህን በሹክሹክታ የሰማሁ ዕለት ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅጥል አልኩ። በማግስቱ የራሴን ፓርቲ ለመመሥረት ሰው ጠራሁ። ለድሃው ተቆርቁሬ እንዳይመስላችሁ፤ ቀንቼ ነው።

እኛ ዘንድ ስብሰባ ያለ ዱዓ አይከፈትም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» ሳይል አጀንዳ ብሎ ነገር የለም። ለዱዓው የሰፈሩን ሽማግሌ አባ ይመርን ለመንኩ፤ ላሞቻቸው እዚያው ሜዳ ላይ ነው የሚውሉት። እሳቸው ታዲያ ሰይድን እጁን ይዘው እየጎተቱ መጡ። ለካስ የጠራሁት ሰው ሁሉ የመጣው እኔንና ሰይድን ለማስታረቅ ኖሯል! መምህሩ ሰው ከሰበሰበ ለእርቅ እንጂ ለሌላ ለምን ይሆናል ብለው!

«ያረቢ፣ እኒህን ልጆች የለያየውን ሸይጣን አርቀው!» አሉ አባ ይመር።

«አሚን!»

«እንደ ጥንቱ ወንድማማች አርጋቸው!»

«አሚን!» ከሁሉም ጮክ ብዬ ያልኩት እኔ ነኝ። መዳፍ አንዴ ከተዘረጋ አፍ መች ይታዘዛል?

የምሥረታውን ወረቀት ሳወጣ አባ ይመር «ደግ አረግህ መምህር፣ እርቅ በፊርማ ሲሆን ይጠናል» ብለው ነጠቁኝና መጀመሪያ ለሰይድ ሰጡት። ሰይድ ርእሱን አነበበ። ቀና ብሎ አየኝ። ፈገግ አለና ፈረመ።

«ወላሂ፣ ስብሰባ ላይ ስትናገር እንዴት እንደምቀናብህ ብታውቅ» አለኝ በጆሮዬ። «እኔ አፌን ከከፈትኩ ስንት ዘመኔ መሰለህ?»

ከሱ ሥር ፈረምኩ። ሌላው ሰው ለእርቁ ምስክር ነኝ እያለ ተከተለን።

እናም ፊርማ ሞልቶኛል። ግን የት ላስገባው? ባስገባው ሰይድ ለሌላ ፓርቲ ፈርሟል ተብሎ በማግስቱ ከወንበሩ ይነሣል፤ የሱ መሳቢያ ይከፈታል፤ አባ ይመርም ላሞቻቸውን የሚያውሉበት ያጣሉ። ስለዚህ ወረቀቱን እኔም ከመሳቢያዬ ግርጌ ከተትኩት። ፓርቲው የት ደረሰ ላለኝ ሰው «እየታየ ነው» እላለሁ።

አልፎ አልፎ ግን አውጥቼ አየዋለሁ። በገዛ ፓርቲዬ እንኳ ስሙ ከስሜ በላይ ነው።