ጋሼ ይብራራ እና ሁለት መቶ አሥራ አራቱ ማስጠንቀቂያዎች

ኮምፒውተር ያለበት ቢሮ ሁሉ አንድ ጋሼ ይብራራ አለው። የሌለው ቢሮ ካጋጠማችሁ ወይ ገና አልተከፈተም፣ ወይ ተዘግቷል። የእኛው ግን ከሁሉም ይብሳሉ።

እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም መታወቂያቸው ላይ አለ፤ በዚያ ስም የሚጠራቸው ሰው ግን የለም። እኛ ሆስፒታሎች የሚገለገሉበትን የቀጠሮ ፕሮግራም የምንጽፍ ስድስት ሰዎች ነን፤ ክቡርነታቸው ደግሞ የስድስታችን ተቆጣጣሪ ናቸው። ኮቴያቸው ሳይሰማ ከኋላችሁ ይመጣሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅላሉ፤ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ይጠጉና አንዲት ቃል ይናገራሉ። «ይብራራ!»

ለማያውቅ ላስረዳ፤ በሽታቸው ተጋብቶብኛል። ፕሮግራም ስንጽፍ ከእያንዳንዷ የፕሮግራሙ ክፍል አናት ላይ «ይቺ እንዲህ ታደርጋለች፣ ምክንያቱም እንዲህ ስለሆነ» ብለን በሰው ቋንቋ ማብራሪያ እንጽፋለን። እንጽፋለን ስል፣ መጻፍ ነበረብን ማለቴ ነው። እነዚህን ማብራሪያዎች ከኮዱ ውስጥ ለቃቅሞ፣ ርዕስና ማውጫ አበጅቶ ሰነድ የሚያደርግ መሣሪያ አለ። መሣሪያው ራሱ ገራም ነው፤ የታዘዘውን ይሠራል። የሚያዙት ግን ጋሼ ይብራራ ናቸው።

የመሣሪያው ሴቲንግ፣ ማለትም ምን እንዲሠራ የሚታዘዝበት ዝርዝር፣ ሦስት መቶ ያህል መስመር አለው። ጤነኛ ሰው አራቱን ነካክቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ጋሼ ይብራራ ሦስት መቶውንም እንደ ልጆቻቸው ያሳድጓቸዋል። ምሳ ላይ ሌላው ሰው ስለ ኳስ ሲያወራ እሳቸው «ትናንት መቶ አርባኛውን አጠፋሁት፤ ዛሬ ግን ጸጸተኝ» ይሉናል።

መሣሪያውን በተከሉበት ሳምንት «የትኛውን ፎልደር ላንብብ?» ለሚለው መስመር «ሁሉንም» ብለው መለሱ። ሁሉም ማለት ደግሞ የእኛ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ከሌሎች የተዋስነውና ማናችንም ከፍተን አይተነው የማናውቀው ኮድም አለበት። መሣሪያው ቀኑን ሙሉ ሲፈጭ ውሎ አሥራ አንድ ሺህ ገጽ ወለደ። ሥራ አስኪያጇ ሊከፍቱት ሲሞክሩ ኮምፒውተራቸው ደርቆ ቀረ። ጋሼ ይብራራ ምንም አልደነገጡም። «ቢያንስ የጎደለ ነገር የለውም» አሉ።

ሁለተኛው ትእዛዛቸው ግን ሊያስባርረን ነበር። ለራሳችን ብቻ የምንጽፋቸውን ማስታወሻዎች «ላውጣ ወይስ ልደብቅ?» የሚል መስመር አለ። «አውጣ» አሉት። ሰነዱ ተጠርዞ ለአንድ ሆስፒታል ዳይሬክተር ሄደ። ገጽ አርባ ሁለት ላይ አንዱ ባልደረባችን እንዲህ ብሎ ጽፎ ኖሯል፦ «ዳይሬክተሩ በሳምንት ሦስቴ ሐሳባቸውን ስለሚቀይሩ ይህን ክፍል አታሳምሩት፤ ሐሙስ ይፈርሳል።» ዳይሬክተሩ ሐሙስ ደወሉ። ደግነቱ እየሳቁ ነበር፤ ክፍሉን ግን አስፈረሱት።

ከዚያ በኋላ ክቡርነታቸው የመስመሮቹን ሁሉ ቁንጮ አገኟት። ማብራሪያ የሌላት አንዲት ክፍል ከተገኘች ማስጠንቀቂያ ይውጣ፣ ማስጠንቀቂያ ካለ ሥራው ሁሉ ይቁም የምትል ናት። ለማምለጥ ያልሞከርነው ዘዴ የለም። ቀጠሮ የምትሰርዘዋ ክፍል ላይ «ቀጠሮ ትሰርዛለች» ብለን ጻፍን። «እሱንማ ስሟም ይናገራል!» ብለው መለሱልን። «ማን ሲጠይቅ? ሁለቴ ብትሰርዘውስ? ይብራራ!»

እኔና እሳቸው የተያያዝነው አባቴ ለቀዶ ሕክምና ቀን የተቆረጠለት ጊዜ ነው። ሐኪም ሲቀር ታካሚዎችን ወደ ሌላ ቀጠሮ የሚያሸጋግረውን የፕሮግራሙን ክፍል ከእኔ በቀር የሚያውቀው ስላልነበረ እረፍት በወጣሁ ቁጥር ይደወልልኛል። እህቴ ስትወልድ የሕፃኑን የመጀመሪያ ልቅሶ የሰማሁት በአንድ ጆሮዬ ነው፤ በሌላኛው ቢሮው ነበር። አባቴ ደግሞ ማደንዘዣ ይፈራል። «ስነቃ አጠገቤ ሁኚ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም» ብሎኛል። ይህን አንድ ነገር እንዳልነፍገው ፈራሁ።

ሥራ አስኪያጇን የአንድ ሳምንት ፈቃድ ጠየቅሁ። «ሂጂ፤ ማስጠንቀቂያሽ ዜሮ ይግባ ብቻ» አሉኝ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ማስጠንቀቂያና አራት ቀን ነበረኝ።

ወደ ጋሼ ይብራራ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እባክዎ ያቺን መስመር ለአንድ ሳምንት ብቻ ያጥፉልኝ። አባቴ ሆስፒታል ሊገባ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እግዚአብሔር ይማርልሽ፣ ልጄ» አሉ ከልባቸው። ቀጥለውም «ይብራራ» አሉ።

ደሜ ፈላ። እሳቸው ግን ወንበራቸውን እየጎተቱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ አራት ቀን አልተነሡም።

«ሐኪሙ ቢቀር ታካሚው የት ይሄዳል?»

«ወደ ሌላ ሐኪም።»

«ሌላ ከሌለስ?»

«ወደ ማግስቱ።»

«ማግስቱ እሑድ ቢሆንስ?»

«ጋሼ፣ ልቤን አያውልቁት!»

ግን እሑድ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ለመጻፍ ኮዱን ሳየው ታካሚውን የተዘጋ በር ላይ እንደሚያቆመው አገኘሁ። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። ዝም ብዬ አስተካከልኩት።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ክፍል ብቻ ቀረች። ከሁለት ዓመት በፊት በጥድፊያ የጻፍኳት ናት፤ ለእኔ ለራሴ አልገባ አለችኝ። አውቶቡሴ በማግስቱ ጠዋት ነው። መሣሪያውን «ይቺን ዝለላት» ብሎ የሚያዝ ምልክት አለ። ጋሼ ይብራራ ውሃ ሊጠጡ ሲነሡ አናቷ ላይ ለጠፍኩባት። ማስጠንቀቂያው ዜሮ ገባ። ተመልሰው ሲያዩት በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ፤ እኔ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

አባቴ ከማደንዘዣው ሲነቃ ዓይኑን ሳይገልጥ «አለሽ?» አለኝ። ነበርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ስልኬ አንድ ጊዜ እንኳን አልጮኸም፤ ተበላሽቶ ይሆን ብዬ እህቴን አስደውዬ ሞከርኩት።

ስመለስ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ጉዱን ነገረችኝ። ማክሰኞ ፕሮግራሙ ቆሟል፤ የቆመውም እዚያችው የደበቅኳት ክፍል ላይ ነው። ሆስፒታሎቹ ውስጥ ሰው ተሰልፎ ሥራ አስኪያጇ ሊደውሉልኝ ስልክ ሲያነሡ ጋሼ ይብራራ ከእጃቸው ተቀበሏቸው።

«አባቷ አጠገብ ናት። አይደወልም።»

«ታዲያ ማን ያውቀዋል?»

«እኔ አነበዋለሁ።»

ኮድ ከጻፉ አሥር ዓመት ያለፋቸው ሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ምሳ ሳይበሉ አነበቡት፤ አስነሡትም።

ሰነዱን ከፈትኩ። ምልክቴ ተነሥቷል። በቦታው በሰነዱ ካሉት ሁሉ የረዘመ ማብራሪያ ገብቷል፤ በጸሐፊው ስም ቦታ ላይ ደግሞ የእኔ ስም አለ። ከታች አንድ መስመር ነበር፦ «ማሳሰቢያ፤ የዚህ ክፍል ባለቤት አባቷን እያስታመመች ስለሆነ፣ እስክትመለስ ጥያቄ ያለው ሁሉ እኔን፣ ተቆጣጣሪዋን፣ ይጠይቅ።» ይህም እንደ ሌላው ሁሉ ለሆስፒታሎቹ በሙሉ ተልኳል።

ጥፋቴን ልናዘዝ ወደ ጠረጴዛቸው ሄድኩ። «ጋሼ፣ ያቺ ምልክት...» ስል አቋረጡኝ። «አባትሽ መራመድ ጀመረ ወይ?» አሉኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

አሁን ስምንት ወር ሆኖታል። ያቺን ማሳሰቢያ መሰረዝ የእኔ ሥራ ነው፤ መረጃው ጊዜው አልፎበታል። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ሩቅ ሆስፒታል የማላውቃት የካርድ ክፍል ሠራተኛ ደወለች። ጉዳይዋን ጨርሳ ልትዘጋው ስትል «ይቅርታ፣ አባትሽ ግን ተሻላቸው?» አለችኝ።

«ተሽሎታል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳት። ማሳሰቢያዋን ግን አልሰረዝኳትም።