ግማሽ ሰዓት የሚቆይ ውሃ

ለክፉ ቀን ውሃ የሚያጠራቅም ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ቤቱን ለጀሪካን ለቆ እሱ ጥግ ላይ የሚተኛ? እኔ አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ራሴ ነኝ። ልጆቼ ከሸዋ ሮቢት ከወጡ ቆዩ፤ ለአንድ ሽማግሌ ስምንት ጀሪካን ሙሉ ውሃ አለኝ። ለማን ነው አትበሉኝ።

ባለፈው የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ጎረቤቴ ዘይነባ ጆግ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ለልጆቹ የሚጠጣ ውሃ ይስጡኝ።»

ጆጓን ሞላሁና፣ «ተቀመጪ፣ የውሃ መድኃኒት ጨምሬበታለሁ። ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት» አልኳት።

«ትናንት አፍልቼዋለሁ አላሉኝም?»

«አፍልቼ በነጠላም አጥልዬዋለሁ። ታዲያ በዚህ ሙቀት ውሃ ይታመናል?»

«ወላሂ፣ ሐኪም ቤት እንኳ እንዲህ አያስጠብቅም!» ብላ እየሳቀች ተቀመጠች።

የዚህ መድኃኒት ትልቁ ፈውስ ምን መሰላችሁ? ሰው ያስቀምጣል። ስለ ማሽላዋ፣ ማጀቴ ከተማ ስላለችው እህቷ አጫወተችኝ። እኔም ስንት ወር ያላወራሁትን አወራሁ።

ሃያ ደቂቃ እንደሞላ ከውጭ «ውሃ መጣ!» ተባለ።

«ጋሼ፣ ሳይሄድብኝ ልቅዳ!» ብላ ጆጓን እንኳ ሳታነሳ ሮጠች።

አሥር ደቂቃ ይቀረው ነበር። ጠበቅኩና አንድ ብርጭቆ ቀድቼ ለብቻዬ ጠጣሁ።