የሽኮኮ ልጅ ምረቃ

ተረት ተረት ብዬ ስጀምር «የመሠረት» የሚለኝ ካለ አረፍ ይበልና ያዳምጠኝ። ልጁን ለማስመዝገብ ሰልፍ የያዘም ካለ ሰልፉን ሳይለቅ ይስማኝ፤ ወረፋው እንደሆነ ከተረቴ ይረዝማል።

በአንድ ጫካ ውስጥ ድሮ መዋዕለ ሕፃናት የሚባል ነገር አልነበረም። ጥንቸል መሮጥን፣ ጃርት እሾኹን ማቆምን፣ ሽኮኮ ማፏጨትን ከእናቱ ጉያ ሳይወጣ ይማር ነበር። ትምህርቱ ምረቃ የለውም፤ ያለፈ ይኖራል፣ የወደቀ ይበላል። እንዲህ በኋላቀርነት ሲኖሩ አንድ ዓመት ላይ ቀበሮ ብድግ አለና ከትልቁ ዝግባ ሥር «የአንበሳ ድምፅ መዋዕለ ሕፃናት» የሚባል ትምህርት ቤት ከፈተ።

«ልጆቻችሁ እዚህ ገብተው የቤታቸውን ድምፅ ይተዋሉ» አለ ወላጆችን ሰብስቦ። «ማፏጨትና ማናፋት የትም አያደርስም። ዓመት ሳይሞላ ሁሉም እንደ አንበሳ ያገሳል።»

አያቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይሉ ነበር፤ እሱ ግን በእናት ቋንቋ የተነገረ ስለሆነ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ቀበሮ የአንበሳን ቋንቋ ከየት አመጣው ብሎ የጠየቀም የለም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ክረምት ከአንበሳ ዋሻ ደጅ ፍርፋሪ አጥንት ሲለቅም ከርሟል። እሱ ይህንን «ውጭ ሳለሁ» ብሎ ነው የሚጠራው።

እመት ሽኮኮ ወሬውን ስትሰማ ልቧ ተነሣ። ከዚህ በፊት የወለደቻቸውን ልጆች ንስር እየመጣ ወስዶባታል፤ የቀራትን አንዱን ማስረሻ ብላዋለች። ሌላ ማንም የላትም። ዕድሜውን ሙሉ ከድንጋይ ድንጋይ ሲሸሽ ከሚኖር ተምሮ፣ ተከብሮ ቢኖርላት ወደደች። ለመመዝገቢያ የፀሐይ መሞቂያ ድንጋይዋን ለቀበሮ አስረከበች፤ ቀበሮም ድንጋዩን ቢሮ አደረገው።

አስተማሪዋ ጦጣ ነበረች፤ ሕፃናቱ ቲቸር ጦጣ ይሏታል። ሰኞ ሰኞ ሰልፍ ታስተምራለች። እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን ጅራት ይዞ ይቆማል፤ የጥንቸል ልጅ ጅራት የሚያዝ ስላልሆነ ከኋላው የቆመ ሁሉ ሰልፍ አበላሽ እየተባለ ይቆነጠጣል። ማክሰኞ ሥዕል ነው። የሚሣለው አንበሳ ነው፤ የነብር ልጅ ነጠብጣብ ቢጨምርበት «ከመስመር ወጣህ» ተብሎ ተደመሰሰበት። ሐሙስ ደግሞ የእንቅልፍ ትምህርት አለ፤ እቤታቸው ቀኑን ሙሉ ሲተኙ የሚውሉት ሁሉ እንዴት እንደሚተኛ እዚህ ተማሩ። በየመሀሉ ያገሳሉ። የጃርት ልጅ አንድ ቀን «ቲቸር፣ የምናገሳው ምን ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቃት፣ «ፈተና ላይ አይመጣም» አለችው።

የትምህርት ቤቱ ዋና መሣሪያ ግን አንድ ደረቅ ቅል ነበር። የእናቱን ድምፅ ያሰማ ሕፃን ቅሉን አንገቱ ላይ ያጠልቃል። የሚወርድለትም ሌላው ሲያጠፋ ይዞ፣ «ቲቸር፣ እገሌ በቤት ድምፅ ጮኸ» ብሎ ተናግሮ፣ ቅሉን ለዚያኛው ሲያጠልቅለት ብቻ ነው። በዚህ ዘዴ ሕፃናቱ ማግሳት ሳይችሉ መጠባበቅ ቻሉ። ቀበሮ ይህን የቡድን ሥራ ይለዋል።

አንድ ረቡዕ የንስር ጥላ በክፍሉ ላይ አለፈ። ማስረሻ ገና አዲስ ገቢ ነበርና ምንም ሳያስብ፣ እናቱ እንዳስተማረችው አንድ ጊዜ ቀጠን አድርጎ አፏጨ። ሕፃናቱ ተንደርድረው በዝግባው ሥሮች መሀል ተሸጎጡ፤ ንስርም ባዶውን ተመለሰ።

«ማነው ያፏጨው?» አለ ቀበሮ ከድንጋዩ ወርዶ።

«ጌታው፣ ልጁ እኮ አዳነን» አለች ቲቸር ጦጣ ቀስ ብላ።

«በትክክለኛው ቋንቋ ቢያድነን ምን ነበረበት?»

ጦጣ ቅሉን አመጣች፤ እሷም የምትበላው ከዚያው ነው። ቅሉ ማስረሻ አንገት ላይ ገባ። ልጁ ከማነሱ የተነሣ ሲራመድ ቅሉ መሬት ለመሬት ይጎተት ነበር።

እናቱም ተጠራች።

«እመት ሽኮኮ» አለ ቀበሮ በገዛ ድንጋይዋ ላይ ተኮፍሶ። «እኛ ቀን የገነባነውን አንቺ ማታ ታፈርሽዋለሽ። ይህ ልጅ እቤት ምን እየሰማ ነው?»

«ንስር ሲመጣ ትንሽ አፏጫለሁ፣ ጌታዬ።»

«ተይዋ። አግሺ።»

«እኔ ማግሳት መች እችልና?»

«እንግዲያው ዝም በይ። ዝምታ ከመጥፎ ቋንቋ ይሻላል።»

ምስኪን፣ አፈረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥላ ስታይ ልጇን ማጅራቱን በጥርሷ ይዛ ወደ ጉድጓድ ትጎትተዋለች እንጂ አታፏጭም። ልጁም የጥላውን ነገር ቀስ በቀስ ረሳው። እናቱ አንዳንዴ ያለምክንያት የምትነክስ ሴት መሰለችው።

አርብ አርብ ወላጆች ተጠርተው ልጆቻቸው ሲያገሱ ይሰማሉ። ከዚያ እርስ በርስ ይማረራሉ።

«የኔው ማናፋት ጭራሽ ጠፍቶበታል፤ ምን እንደማደርገው እንጃ» አለች እመት አህያ፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት።

«ያንቺስ ይሻላል፣ እቴ» አለች እመት ሽኮኮ። «ማስረሻ እኔ የምለውን አንዱንም አይሰማም። በአንበሳ ካልሆነ አይሆንለትም።»

እመት አህያ በቅናት ጆሮዋን ጣለች።

ዓመቱ አልቆ የምረቃው ቀን ደረሰ። ለሕፃናቱ ከኮባ ቅጠል ካባ ተሠራላቸው። ቀበሮ የእንግዶችን እይታ ይጋርዳል ብሎ ቁጥቋጦውን ሁሉ አስመነጠረና ሜዳውን መላጣ አደረገው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ እዚህ የተመነጠረው ቁጥቋጦው ነው፣ ያልጠረጠሩት ደግሞ ወላጆቹ። የክብር እንግዳው ራሱ አንበሳ ነበር። ማስረሻ አንደኛ ስለወጣ ከሁሉም ፊት ቆመ፤ ቅሉም ለመታሰቢያ ተብሎ አጠገቡ ተቀመጠ።

ሕፃናቱ ባንድነት አገሱ። አንበሳ ጆሮውን ቀሰረ፤ ደግሞ አዳመጠና ወደ ቀበሮ ዘንበል አለ።

«ምን ሆነው ነው? ሆዳቸውን አሟቸው ነው?»

«ኧረ ጌታዬ፣ በራስዎ ቋንቋ እያመሰገኑዎት እኮ ነው።»

«በእኔ?» አለ አንበሳ። ትንሽ አሰበ። ሲመሰገን የሚከፋው ንጉሥ ግን ገና አልተወለደም። «ጥሩ ነው፤ ይበርቱ።»

«ልጅዎስ የት ነው የሚማሩት?» አለች እመት አህያ እጅ ነሥታ።

«እሱ? ከእናቱ ጋር አደን ወጥቷል» አለና አንበሳ አዛግቶ ተኛ። ይህን ሁሉም ሰማ፤ ያሰበበት ግን አልነበረም።

በዚህ መሀል በመላጣው ሜዳ ላይ ጥላ ወደቀ። ማስረሻ ጥላውን አየው። ጉሮሮውን አንድ ነገር ከነከነው፤ ምን እንደሆነ ግን ጠፋበት። አፉን ከፈተና እንደተማረው አገሳ። ጓደኞቹ ዝግጅቱ የቀጠለ መስሏቸው ተከተሉት፤ ወላጆችም አጨበጨቡ።

እመት ሽኮኮ ከኋላ ተቀምጣ ሁሉን ታያለች። ፉጨቷ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ቀበሮን አየች፣ የተኛውን አንበሳ አየች፣ እመት አህያን አየች። በልጇ የምረቃ ቀን፣ በክብር እንግዳ ፊት ልታፏጭ ነው? ዋጠችው። ጥላው እየጠቆረ ወደ ልጇ ሲጠጋ ግን ከሜዳው ዳር እስከ ዳር የሚሰማ ፉጨት አፏጨች።

ማስረሻ ፉጨቱን ሰማ። ዞሮ እናቱን አያት። ለመሸሸግ ጊዜ ነበረው፤ የዝግባው ሥር ሩቅ አልነበረም። እሱ ግን ጎበዝ ተማሪ ነውና ቅሉን አንሥቶ በሁለት እጁ ከፍ አደረገው።

«ቲቸር፣ እማዬ በቤት ድምፅ አፏጨች» አለ።

ንስር ከነካባው ወሰደው። ቅሉ ወድቆ ተንከባለለና እመት ሽኮኮ እግር ሥር ቆመ።

ሜዳው ጸጥ አለ። ቀበሮ ጸጥታ አይወድም፤ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «ክቡራን ወላጆች፣ አንደኛ የወጣው ተመራቂያችን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ሄዷል» አለ። እመት አህያ ቀድማ አጨበጨበች። ቲቸር ጦጣ ዝግባው ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግንዱ አዞረች፤ እዚያ ሆና አጨብጭባለች የሚሉም አሉ።

በማግስቱ የምዝገባው ሰልፍ ጫካውን አልፎ ወንዝ ደረሰ። ልጅ ወደ ውጭ የሚልክ ትምህርት ቤት በየት ይገኛል? እመት ሽኮኮ ቅሉን አንገቷ ላይ አጥልቃ፣ በሰልፉ ዳር እያፏጨች አለፈች። እናቶች የልጆቻቸውን ጆሮ ደፈኑ። እመት አህያ ታናሹን ልታስመዘግብ መጥታ ነበርና ሰልፏን ሳትለቅ ጠራቻት።

«እንኳን ደስ ያለሽ ስንልሽ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትሆኚው? ደግሞ ያንን ቅል መልሺ፤ የትምህርት ቤቱ ንብረት እኮ ነው።»

«የእኔ ነው» አለች እመት ሽኮኮ። «ልጄ ሳፏጭ ይዞኝ ነበር፤ ሳያጠልቅልኝ ወሰዱት።»