ለሌላ ሰው የመጡ ሰዎች

ስለ ራሳቸው ሐኪም ዘንድ የማይሄዱ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? በኮሮናው ጊዜ ባሕር ዳር ላይ፣ የአእምሮ ሐኪም ደጅ ተራ ስጠብቅ አግዳሚውን በእነሱ ተሞልቶ አገኘሁት። ከጎኔ ርቀታቸውን ጠብቀው የተቀመጡት ሽማግሌ ጭምብላቸውን እያስተካከሉ፣ «እኔስ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ እምቢ ያለው ጎረቤቴ ነው» አሉኝ። አንዲት የጎርጎራ ዓሣ ነጋዴም የመጣችው የእህቷን ጭንቀት ልትናገር ነው። ታማሚዎቹ ቤታቸው ተቀምጠው ጤነኞቹን ይልካሉ ማለት ነው?

«አንቺስ እታለም፣ ለማን ነው?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ለአንዲት ወዳጄ» ልል ነበር። «ባሌ ሞተ» አልሁ። «በበሽታው ምክንያት ለቅሶ ደራሽ ተከለከለ። ብቻዬን ቀበርሁት፤ እስካሁን እንባ እምቢ አለኝ።»

ነጋዴዋ ነጠላዋን ዘቀዘቀች። «ስሙ ማነው?»

«ታከለ።»

«ወይኔ ታከለን!» ብላ ደረቷን መታች። ሽማግሌው ተከተሏት፤ ተራ ጠባቂው ሁሉ ርቀቱን እንደጠበቀ አነባ። የማያውቁት ባሌ በስሙ ሲጠራ ስሰማ፣ እኔም አለቀስሁ።

ሐኪሙ በሩን ከፍቶ «ተረኛ!» ቢል ማን ይነሣ? ጥቂት ተመለከተንና ጋዋኑን እንደለበሰ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ። ለቅሶው እስኪበርድ ተራውን ጠበቀ።