የአድሚራላችን ቋጠሮ

ተገኘ! እልል በሉ፣ ተገኘ! የማን ምን እንደተገኘ እነግራችኋለሁ፤ ብቻ መጀመሪያ ትንፋሼን ልሰብስብ።

ፎቅ ቤት በተሠራበት ሁሉ፣ ባሕር ከተወ ሠላሳ ዓመት ሆኖት ዛሬም መሬትን ያልለመደ አንድ ጡረተኛ መርከበኛ አይጠፋም። የእኛው ክቡር አድሚራል ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን፤ መንግሥት የሰጣቸው የጀግንነት ሜዳይ ብቻ ነው። በጦርነቱ ጊዜ፣ ጥይት እየዘነበ፣ እየነደደ ወደሚሰጥም መርከብ ገመድ ወርውረው አሥራ አንድ ሰው ጎትተው አውጥተዋል።

ከዚያ ወዲህ የላላ ቋጠሮ ጠላታቸው ነው። የልብስ ማስጫ ገመዴን አይተው፣ «ይሄን ማን ቋጠረው? መርከቡ ሰጠመ በዪ!» ብለው እንደ አዲስ አሰሩት። የጎረቤታችንን ሙሽራ ደረጃ ላይ አስቁመው ከረባቱን አሰሩለት፤ ልጁ የተገላገለው በመቀስ ነው።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው የሦስተኛ ፎቅ እማማ ዳቦ ይልካሉ። በደረጃ? ምን ሲደረግ! ጫፉ ላይ ከባድ ነገር የተቋጠረበት ገመድ ከግቢ ወደ በረንዳቸው ይወረውራሉ፤ እማማ በሌላው ጫፍ የታሰረውን የዳቦ ዘንቢል ይስባሉ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሜዳዩ ከመሳቢያው ጠፋ።

«ከቆሻሻ ጋር ጥለሽዋል!» አሉ ባለቤታቸውን።

«አርባ ዓመት የወለወልኩትን?» አሉ ሴትዮዋ፤ ትራሳቸውን ሸጉጠው ማዶ እህታቸው ቤት ገቡ። ነገ ደግሞ የመታሰቢያ በዓል ነው። ካዳኗቸው አንዱ «ሜዳይህንም ሚስትህንም ልያቸው» ብሎ ከሩቅ እየመጣ ነው፤ አድሚራሉ ጋ ግን ሁለቱም የሉም።

ዛሬ ጠዋት ውርወራው በረንዳውን ስቶ የእኔን መስኮት አገኘ። መስታወቱ ረገፈ፤ ቋጠሮው ተበጣጠሰ («መስታወት ቆረጠው እንጂ አልተፈታም በዪ» ብለውኛል)፤ ከውስጡ ሜዳዩ ተንከባሎ አልጋዬ ስር ገባ! ለካ ያን ሰሞን ገመዱን ሲያድሱ፣ መነጽር ሳያደርጉ መሳቢያው ውስጥ እጃቸው የገባውን ከባድ ነገር ቋጥረውበት ኖሯል። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው እየወረወሩት ሲፈልጉት!

ይዤላቸው ወረድኩ። እሳቸው ግን ሜዳዩን ትተው ማዶውን ቤት አዩ።

«በይ ልጄ፣ ሂጂና ንገሪያት።»

«ጥፋቱ የእርስዎ፣ ነጋሪዋ እኔ?»

«ጥይት አልፈራሁም። እሷን እፈራለሁ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቅርታ ብሏል በያት። ደረቴ ላይ ሁልጊዜ የምትሰካልኝ እሷ ናት፤ እሷ ካልሰካችው በዓሉም ይቅርብኝ በያት።»

እንግዲህ እኚህን ሰው መስኮት ሰበሩ ብዬ ልቀየማቸው? መስታወቱ ወለሉ ላይ እንደተበተነ ይቆይ፤ ሴትዮዋ ገበያ ሳይወጡ ሮጬ ልድረስ!