ሙንዚር ኖዝል ሲቀይር

ልጁን ለመምህር፣ ጥርሱን ለሐኪም አምኖ እየሰጠ መኪናውን ግን ለመካኒክ የማያምን ባል በየሰፈሩ አይጠፋም። ፋኢዛ የደረሳት ይኸው ነው።

ክቡር ባሏ ሙንዚር ደሴ ፒያሳ ላይ ጨርቅ ይሸጣል፤ ግቢው ሲገባ ዋና መሐንዲስ ይሆናል። አምና የፒክአፕ መኪናውን ክላክስ በገዛ እጁ ጠገነ። ከዚያ ወዲህ ፍሬን በያዘ ቁጥር መኪናዋ ትጮኻለች፤ እግረኛው ሁሉ ይሰድበዋል። እሱ ግን፣ «ብሎን ነው እኮ! የተፈታ ይታሰራል» ይላል።

ሰሞኑን ከኮምቦልቻ ሽቅብ ሲመለስ መኪናዋ ጥቁር ጭስ እየተፋች አቃሰተች። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኖዝሎች ደክመዋል ብሎ ፈረደ፤ አዳዲስ ገዝቶም ኮፈኑን ከፈተ። ያውም የፋኢዛ የእህት ልጅ አፍናን ኮምቦልቻ ኒካሕ የምታስርበት ቀን ጠዋት!

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬን እንኳ ብትምረን ምናለ?»

«ከዙሁር በፊት ትነሳለች፣ ኢንሻአላህ።»

ብሎኖቹን በእንግዳ ትሪዋ ደረደረ፤ በአዲሱ ፎጣዋ እጁን ጠረገ። አንዱ ኖዝል አልወጣ ቢለው «ቢስሚላህ» እያለ በመዶሻ ቀጠቀጠው። አዳዲሶቹን አስሮ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ አንዴ ሳል አድርጎ ዝም አለ።

ጎረቤቱ ባሽር በአጥር ላይ ብቅ አለ። «ሙንዚር፣ የናፍጣ ቱቦው አየር ይዟል። አየሩን አውጣ።»

«አውቄ ነው የተውኩት!» አለ ሙንዚር፣ ቱቦውን እየፈታ።

በዚህ መሃል የፋኢዛ ወንድም ጀማሉዲን በሚያብረቀርቅ መኪናው ደረሰ። «ፋኢዛ፣ ረፈደ፣ ግቢ!»

ሥራው ያውጣው ብላ አንድ እግሯን አስገባች። ያኔ ከኮፈኑ ሥር የሙንዚርን ድምፅ ሰማች፤ ሞተሩን ይለምን ነበር። «እባክሽ አታዋርጂኝ። ሚስቴን በሰው መኪና ልስደዳት?»

እግሯን መለሰች። «አንተ ቅደም፣ ጀማሉ። እኛ እንደርሳለን።»

ባሽር ቱቦውን ይዞለት፣ ሙንዚር እየማለ፣ መኪናዋ በመጨረሻ ሰፈሩን በጭስ ሸፍና ተነሳች። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ክላክሱ እየጮኸ ቁልቁለቱን ወረዱ። ፋኢዛ በሻሿ ጫፍ ግንባሩ ላይ ያለውን ጥቁር ዘይት ስትጠርግለት ክቡር መሐንዲሱ እንደ ሕፃን ፊቱን ሰጣት።

ሲደርሱ ኒካሑ ታስሮ ምሳ እየቀረበ ነበር።

«ምነው ቆያችሁ?» አሉ ሴቶቹ፣ ናፍጣ ናፍጣ ስትሸታቸው አፍንጫቸውን ይዘው።

«ሙንዚር ኖዝል ሲቀይር ነዋ!» አለች ቀና ብላ። «በገዛ እጁ!» ከዚያም ወደ ወንድሟ ዞረች። «ጀማሉ፣ ያንተም መኪና ድምፅ ደስ አላለኝም። ሙንዚር ይይልህ።»

ጀማሉዲን የመኪናውን ቁልፍ ቀስ አድርጎ ካልሲው ውስጥ ከተተ።