አልሄድም ያለው ሙሽራ

በእኛ ሰፈር ሰውን "ምን ትሠራለህ?" ብሎ መጠየቅ ከቀረ ቆየ። ሥራማ ማንም ይሠራል። የሚጠየቀው "ፕሮሰስህ ከምን ደረሰ?" ነው። ፕሮሰስ ማለት፣ መቼም ለእናንተ አይነገርም፣ ውጭ አገር ለመሄድ የተጀመረ፣ የማያልቅ፣ ግን ደግሞ ሁልጊዜ ሊያልቅ ትንሽ የቀረው ጉዳይ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ቤት የሌለው፣ መኪና የሌለው፣ ሚስት የሌለው ሰው ሞልቷል፤ ፕሮሰስ የሌለው ሰው ግን እስቲ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ፀጉር አስተካካዬ ፕሮሰስ አለው። የጥርስ ሐኪሜም አለው፤ አፌን አስከፍቶ ስለ አውስትራሊያ የአየር ጠባይ ያወራልኛል፣ እኔ አፌ ክፍት ስለሆነ መከራከር አልችልም። ምን ሐኪሜን አማለሁ፣ እኔ ራሴ በዚህ ዕድሜዬ፣ ውኃ ጠፍቶ ጀሪካን የተሸከምኩ ቀን ኖርዌይ ትታየኛለች። ለምን ኖርዌይ እንደሆነች አላውቅም፤ ውኃ ያላት ስለሚመስለኝ ይሆናል።

ችግሩ ሚዛናችን ላይ ነው። አገራችንን የምንመዝናት መብራት በጠፋበት ቀን ነው፤ ውጭን የምንመዝነው በፎቶ። እንዲህ ያለ ሚዛን ይዞ ገበያ የወጣ ነጋዴ ቢኖር ዱላ አይቀርለትም ነበር።

ፕሮሰስ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ሲጀመር ይወራል፣ ሊያልቅ ሲል ዝም ይባላል። ዓይን አለ፣ አፍ አለ፣ ምቀኛ አለ፤ ስለዚህ ቪዛ የተመታለት ሰው ሻንጣውን እየሸከፈ "ኧረ ተወኝ፣ የት እሄዳለሁ ብለህ ነው!" ይላል። አንዱ ጎረቤቴ "ለሥራ ሐዋሳ ደርሼ ልምጣ" ብሎኝ ወጣ፤ በሳምንቱ ሲደውልልኝ ጀርመን ነው። እንግዲህ የሰፈሩ ሰው ከብዙ ልምድ አንድ ነገር ተምሯል፦ እሄዳለሁ የሚል አይሄድም፤ አልሄድም የሚል ካጋጠማችሁ ግን ቶሎ ተሰናበቱት።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ስለ ሄኖክ ልነግራችሁ ነው። ሄኖክ የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ ሊፍት ይጠግናል። ከካዛንቺስ እስከ ኡራኤል ካሉት ፎቆች ግማሾቹ ሊፍት ሲቆምባቸው የሚጠሩት እሱን ነው፤ ሊፍቱ ደግሞ፣ እግዜር ይስጠው፣ ይቆማል። ሥራውን ይወዳል፣ ሰፈሩን ይወዳል፣ ከሁሉ በላይ ቤቲን ይወዳል። ፕሮሰስ ግን የለውም። ዲቪ እንኳን ሞልቶ አያውቅም። "ምነው ልጄ፣ ምን ነካህ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ጋሼ፣ እዚያ ሊፍቱ አይበላሽም አሉ፤ ሄጄ ምን ልሠራ?" አለኝ።

ቤቲ ባምቢስ አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። አባቷ ጋሽ ዘለቀ ይባላሉ፣ ኡራኤል ተወልደው ኡራኤል የሸበቱ ሰው ናቸው። ልጆቹ ተዋደው ሲያበቁ እንግዲህ ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነና ሄኖክ ሦስት ሰው መረጠ፤ እኔን፣ ባለሱቁን ሐጂ ሰይድንና ጋሽ አየለን። ሐጂ ሰይድ ከወሎ መጥተው ሰፈራችን ውስጥ ሱቅ ሲከፍቱ እኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ሲናገሩ ቃል የሚከፈልበት ይመስል ይቆጥባሉ። ጋሽ አየለ ግን አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። እሱ ሲያወራ ፍሬን የለውም።

እሑድ ጠዋት ነጠላችንን አጣፍተን ሄድን። ሐጂም ጋቢያቸውን ደርበዋል። "ኧረ ቁጭ በሉ!" ተባልን፤ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለን እንደ ወጉ ተገተርን። ጋሽ ዘለቀ ለምን እንደመጣን ያውቃሉ፣ እኛም እንደሚያውቁ እናውቃለን፣ ግን ሁላችንም እንዳላወቀ ሰው ሆነን ቆምን። እኔ "ልጅዎን ለልጃችን" ብዬ ነገሩን ከፈትኩ። "ልጁ ምን ይሠራል?" አሉ። ሊፍት እንደሚጠግን፣ ጨዋ እንደሆነ፣ ወላጆቹን እንደሚጦር ነገርኳቸው። ጋሽ ዘለቀ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። ለእኔ በቂ ነበር። ለጋሽ አየለ ግን መነቅነቁ አነሰው መሰለኝ፣

"ደግሞስ ጋሽ ዘለቀ፣ ሊፍቱ ለጊዜው ነው!" ብሎ ከመሃላችን ወደፊት ወጣ። "ልጁ የካናዳ ፕሮሰሱ አልቋል። ልጅዎን ይዟት ይበራል!"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሐጂ ሰይድን አየኋቸው፤ እሳቸው ጣሪያውን እያዩ "ያ ረቢ" አሉ።

ጋሽ ዘለቀ ዞር ብለው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት ፎቶዎች ሄዱ። "ይችን አያችሁ? ትልቋ ናት፣ ለትምህርት አለችኝ፣ ሄደች። ይኸ 'አባዬ፣ የትም አልሄድም፣ ለስብሰባ ነው' አለኝ፤ እስከ ዛሬ ስብሰባው አላለቀም። ይችን በሰርግ ዳርኳት፣ ሙሽራው ካናዳ ወሰዳት። እሺ፣ ይሁን። ከዚያ ደግሞ ወለደችና ለአራስ ጥየቃ ብለው እናትየዋን ወሰዱብኝ። ለስድስት ወር ነበር የተባለው። ሕፃኑ አሁን እየሮጠ ነው፣ ሚስቴ አልመጣችም። እዚህ ቤት የቀረነው እኔና ቤቲ ነን። ልጄን ለጎረቤት እድራለሁ። ለአውሮፕላን አልድርም።"

እንደቆምን ወጣን።

በር ላይ ጋሽ አየለን አንቄ ያዝኩት። "ምን አደርጋለሁ?" አለ፣ ከእኔ ብሶ ተበሳጭቶ። "ካናዳን የሚጠላ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አለ ብዬ በምን ልጠርጥር!" እሱስ ልክ ነው። ሰማንያ ዓመት ብትኖሩ አንዴ የሚያጋጥማችሁን ሰው ነው ያገኘነው።

መቼም የተበላሸውን ማቃናት አይከብድም ብለን በቀጣዩ እሑድ ተመለስን። "ልጁ የትም አይሄድም፤ የተባለው ሁሉ በስህተት ነው" አልን። ጋሽ ዘለቀ ሳቁብን። "ልጄም እንዲሁ ነበር ያለኝ" አሉና በሩን አሳዩን።

ለካስ በእኛ አገር እሄዳለሁ ያለ ሰው መቅረት ይችላል፤ ይሄዳል የተባለ ሰው ግን መቅረት አይችልም። ሄኖክ ምሎ ተገዝቶ አልሄድም ባለ ቁጥር የሰፈሩ ሰው "አይ፣ የሱማ አልቋል ማለት ነው" ይላል። አንዷ ጎረቤት ካናዳ ላለች እህቷ ድርቆሽ ይዛ መጣች። "እሜቴ፣ አልሄድም እኮ" ሲላት ዓይኗን ጠቀሰችውና "ገብቶኛል፣ ለሚሄድ ሰው ስጥልኝ" ብላው ሄደች። ሌላው በርበሬ አመጣ። ሌላው ደግሞ የአክስቱን ልጅ ስልክ አስያዘውና "ስትደርስ ደውልላት፣ ክረምቱ ሳይገባ ጃኬት ትገዛልሃለች" አለው። እናቱ ጓዳ ገብታ ማልቀስ ጀመረች፤ እሷም አመነች እኮ! በሰፈሩ ውስጥ ሄኖክ ካናዳ እንደማይሄድ የሚያውቀው ሄኖክ ብቻ ቀረ።

ይኼ ሁሉ ይሳቅበት ነበር፣ ቤቲ ባትኖር። አንድ ቀን ከሰዓት ሄኖክ ቤቴ መጣና ሶፋው ላይ ተዘረጋ።

"ጋሼ፣ ስልኬን ማንሳት አቆመች። 'ለሰው ሁሉ ነግረህ እኔን ትደብቀኛለህ?' ነው የምትለኝ። ፓስፖርት እንኳን የለኝም ስላት 'ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው' አለችኝ። በቃ፣ ምን ላድርግ? ካናዳ የት እንደሆነች እንኳን በደንብ አላውቅም!"

ልጁ ሊያለቅስ ደርሷል። ጋሽ አየለንና ሐጂን አስጠራሁ። ጋሽ አየለ፣ ያው ፍሬን የለውም፣ "ሶፋና ቁም ሣጥን ይግዛ፣ የሚሄድ ሰው ዕቃ አይገዛም" አለ። የሚሄድ ሰውማ ገዝቶ ይሸጣል። እኔ መሬት ይፈልግ አልኩ፤ ውጭ ያለው ሁሉ እዚህ መሬት አለው፣ እሱም አላዋጣም። ሐጂ ሰይድ ሁለታችንንም ሰምተው ሲጨርሱ፣

"ዕድር ይግባ" አሉ።

ተያየን። ዕድር ምንድን ነው? ጎረቤት ከጎረቤቱ ሊቀባበር የሚገባባው ቃል አይደል? ዕድር መግባት ማለት እዚሁ እንደምትሞት አስቀድመህ ማስታወቅ ነው። የትኛው ጎረምሳ ነው ዕድር የሚገባው? ሊሄድ ያሰበማ ጭራሽ አያስበውም። የኡራኤል ዕድር ዳኛ ደግሞ ማን መሰላችሁ? ጋሽ ዘለቀ!

ሄኖክ በዕድሩ የስብሰባ ቀን ሸሚዙን ተኩሶ ሄደ። ጋሽ ዘለቀ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። "አንተ? ዕድር? ለምን?"

"መቼም መሞቴ አይቀር" አለ።

"የት?"

"እዚሁ ነዋ፣ ሌላ የት እሞታለሁ!"

ጋሽ ዘለቀ መዘገቡት፣ ግን አላመኑትም። ያመኑት በኋላ ነው። አንዲት አሮጊት ሞቱ፣ ዝናብ ነው፣ ድንኳን ይተከላል፤ የዕድሩ ሽማግሌዎች ጉልበት የላቸውም፣ ወጣት የተባለው ሁሉ ፕሮሰሱን ሊከታተል ሄዷል። ሄኖክ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውጦት ምሰሶ ሲተክል፣ ሸራ ሲወጥር፣ አግዳሚ ወንበር ሲሸከም ዋለ። በማግስቱም መጣ። በሠልስቱም ካርታ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች መሃል ተቀምጦ ተሸነፈላቸው። ጋሽ ዘለቀ ከድንኳኑ ጥግ ሆነው ሁሉንም ያያሉ። ጃኬት የሚጠብቀው ሰው እንዲህ ጭቃ ውስጥ አይገባም ብለው አሰቡ መሰለኝ፣ በሳምንቱ መልእክት ላኩ፦ "ሽማግሌዎቹ ይምጡ። አየለም ይምጣ፣ አፉን ዘግቶ።"

ያን ቀን ተቀመጥን። ቤቲም እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ጋሽ ዘለቀ የጠየቁት ጥሎሽ አንድ ብቻ ነው፤ ልጃቸውን ከዚህ አገር እንዳያወጣ። ሄኖክ ጉልበታቸውን ስሞ ማለ። ሰርጉ ላይ የሙሽራዋ እናት በስልክ ነበሩ፣ ስልኩን ለእሳቸው በተተወው ወንበር ላይ አቆምንላቸው። እልል ሲሉ ኔትወርኩ ተቆራረጠና የእልልታው ግማሽ እዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ወግ ግን እንደ ኑሮ ነው፣ የሚያቆምበትን አይጠይቃችሁም።

ሙሽሮቹ ሦስት ወር እንደኖሩ የተከራዩት ቤት ያለበት መደዳ ለልማት ተነሳ። እኛ ከመንገዱ ማዶ ያለነው ቀረን። ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ቤት ቢጠይቁ ኪራዩ ሰው የሚያባርር ሆነ። በመጨረሻ ከከተማው ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አገኙና ገቡ። መጀመሪያ ቤቲ በየእሑዱ ትመጣ ነበር። ከዚያ የታክሲው ሰልፍ አለ፣ ዝናቡ አለ፣ ደግሞ ፀነሰች። እሑድ ወር ሆነ፣ ወሩም በዓል ሆነ። አንድ ቀን ጋሽ ዘለቀን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኘኋቸው፤ ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል።

"እነዚያን በየቀኑ በስልክ ፊታቸውን አያለሁ" አሉኝ። "የልጅ ልጄ ጥርስ ሲያወጣ አይቻለሁ። ቤቲን 'እስቲ ፊትሽን አሳዪኝ' ስላት 'አባዬ፣ እዚህ ኔትወርክ የለም' ትለኛለች። አጠገቤ ትሁን ብዬ ያስቀረኋት ልጅ ከሁሉም ራቀችብኝ።"

ምን ይባላል? እግዜር ያውቃል አልኩ። እንዲህ ሲጨንቀኝ የምለው እሱን ነው።

ቤቲ ሴት ልጅ ተገላገለች። ጋሽ ዘለቀም ቱሉ ዲምቱ እነሱ ጋ ሊገቡ ቆረጡ። ቤታቸውን አከራዩ፣ የዕድሩን ዳኝነት አስረከቡ፣ ከሃምሳ ዓመት ጎረቤቶቻቸው ጋር እየዞሩ ተሰነባበቱ። የሽኝቱ ቀን ግቢው ሞልቶ ነበር። ጋሽ አየለ ሳይቀር ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። አንዷ ሽሮ ቋጥራ መጥታ "ያዙት፣ እዚያ እንዲህ ያለውን አያገኙም" አለቻቸው፤ ሐጂ ሰይድ ቴምር ሰጧቸው። ሄኖክ በተዋሰው ፒካፕ ሻንጣዎቹን ጫነ። ጋሽ ዘለቀ ከመስኮቱ ብቅ ብለው "ስደርስ እደውላለሁ!" አሉ። አንድም ሰው አልሳቀም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ደወሉልኝ። "እንዴት ነው ጋሽ ዘለቀ፣ ኑሮ ተስማማዎት?" አልኳቸው።

"ተመስገን ነው። አየሩ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ይነፍሳል። ሕፃኗ ጣቴን ይዛ ነው የምትተኛው፣ አልለቅም ትላለች። ሰዉ ግን እንደኛ አይደለም፣ ሁሉም ሩጫ ላይ ነው። ደረጃ ላይ ታገኘዋለህ፣ ስሙን እንኳን አታውቅም።" ሕፃኗ ከኋላቸው ስትነጫነጭ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፦

"እስቲ ንገረኝ፤ አገር ቤት እንዴት ነው?"

ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ግን ዋጥኩት። "ደህና ነው ጋሽ ዘለቀ" አልኳቸው። "ሁሉም ሰላም ብለውዎታል።"